ዋይፋይ የቤቱ ነው፤ ሲም የአንቺ ነው

አል ባርሻ ውስጥ ከየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ኔትወርክ ብትደውዪ ይሻላል?

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። ዕቃው ታጥቧል፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ማዳም ወደ ክፍሏ ወጥታለች። አንቺም ከጓሮ ወዳለችው ትንሽ ክፍልሽ ገብተሽ በሩን ዘግተሻል። ቀኑን ሙሉ ስታስቢው የዋልሽውን ጥሪ ትደውያለሽ። እናትሽ ታነሳለች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ትናንት ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሙ እኮ...» ትልና ዝም። ስክሪኑ ላይ «እንደገና በመገናኘት ላይ» የሚለው ጽሑፍ ይዞራል፤ ይዞራል፤ ከዚያ ይቋረጣል። ሐኪሙ ምን እንዳለ ሳትሰሚ ታድሪያለሽ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። የተማርኩት ዐረብኛ ነው እንጂ የስልክ ምሕንድስና አይደለም። ግን በሥራዬ ከማገኛቸው እህቶች ዘንድ ስለ ውልና ስለ ደሞዝ ከሚነሳው ጥያቄ ቀጥሎ በብዛት የምሰማው ይህን ነው፦ «ዋይፋይ ይሻላል ወይስ ዳታ ልሙላ? የዚህ ቤት ኔትወርክ ለምን እንዲህ ይሆናል?» ስለዚህ ጉዳዩን ጠይቄም አንብቤም ያገኘሁትን፣ በተለይ አል ባርሻ ውስጥ ለምትሠሪው ለአንቺ በሚገባሽ መንገድ ላካፍልሽ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ለረጅም ወሬና ለቪዲዮ የቤቱ ዋይፋይ ይሻላል። ለቁም ነገር፣ ለገንዘብና ለችግር ቀን ግን በራስሽ ስም ያለ፣ ጥቂትም ቢሆን ሂሳብ የማይጠፋበት ሲም ያስፈልግሻል። ምክንያቱን ደግሞ ቀስ ብለን እንየው።

ፈጣን ሀገር፣ ዘገምተኛ ክፍል

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የሞባይል ኢንተርኔት በዓለም ፈጣን ከሚባሉት ነው። የየሀገሩን የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው ኦክላ የተባለ ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ደረጃዎች ሀገሪቱ በሞባይል ፍጥነት በተደጋጋሚ አንደኛ ሆናለች፤ መካከለኛው ፍጥነትም በሰከንድ ከ400 ሜጋቢት በላይ ደርሶ ነበር። አንድ የቪዲዮ ጥሪ የሚፈልገው ግን በሰከንድ 1 ሜጋቢት አካባቢ ብቻ ነው። የድምፅ ጥሪ ደግሞ የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ 400 ባለበት ሀገር 1 ለምን አቃተሽ? ምክንያቱም ያ ቁጥር የሚለካው ስልኩን የያዘው ሰው በቆመበት ቦታ ነው። ሞል ኦፍ ዘ ኤሚሬትስ ደጃፍ ላይ ወይም ሼክ ዛይድ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ስልክና ከቪላው ጀርባ ባለች መስኮተ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለው ያንቺ ስልክ የሚያገኙት አየር አንድ አይደለም።

በመጀመሪያ ሁለቱን መንገዶች እንለያቸው። ዳታ ስንል ስልክሽ በሲም ካርዱ አማካይነት ውጭ ከቆመው የኩባንያው አንቴና ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ነው። እዚህ ሀገር ያሉት የኔትወርክ ባለቤቶች ሁለት ናቸው፦ የቀድሞው ኢቲሳላት፣ አሁን «ኢ ኤንድ» የሚባለውና ዱ። ቨርጂን ሞባይልም የሚሠራው በዱ ኔትወርክ ላይ ነው። ዋይፋይ ስንል ደግሞ ከመንገድ በፋይበር ገመድ ወደ ቤቱ የገባው ኢንተርኔት፣ ራውተር በሚባለው ሳጥን በኩል በቤቱ ውስጥ ሲረጭ ነው። አንደኛው ከውጭ ወደ ውስጥ ይመጣል፤ ሁለተኛው ከሳሎን ወደ ጓሮ ይሄዳል። ሁለቱንም የሚያስቸግራቸው ግድግዳ ነው፤ ግን በተለያየ አቅጣጫ።

ቪላ ወይስ አፓርታማ?

አል ባርሻን ታውቂዋለሽ። አል ባርሻ 1፣ ከሞሉና ከሜትሮው አጠገብ ያለው፣ አፓርታማና ሆቴል የበዛበት ነው። ወደ አል ባርሻ 2 እና 3፣ ወደ ፖንድ ፓርኩ አካባቢ ስትሄጂ ደግሞ ቪላው ይበዛል። ችግሩም እንደ ቤቱ ዓይነት ይለያያል።

ቪላ ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ራውተሩ ብዙ ጊዜ ያለው ገመዱ በገባበት ቦታ ነው፤ ሳሎን፣ መጅሊስ ወይም ደረጃው ሥር። ያንቺ ክፍል ግን ከኩሽናው ጀርባ ወይም ዐረቦቹ «ሙልሐቅ» በሚሉት ተቀጥላ ቤት ውስጥ ነው። በመካከል ሁለት፣ ሦስት የኮንክሪት ግድግዳ አለ፤ ኮንክሪቱ ውስጥም ብረት አለ። የዋይፋይ ሞገድ ይህን ሁሉ አልፎ ሲደርስሽ ትንፋሹ ያልቃል።

አብዛኞቹ ራውተሮች በሁለት ዓይነት ሞገድ ይረጫሉ። አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። 5 ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ አይችልም። 2.4 ዘገምተኛ ነው፤ ግን ርቆ ይሄዳል። ስልክሽ ላይ የቤቱ ዋይፋይ በሁለት ስም የሚታይሽ ከሆነ፣ አንደኛው መጨረሻው ላይ 5 የሚል ምልክት ካለው፣ ሳሎን ስትሆኚ እሱን፣ ክፍልሽ ስትገቢ ሌላኛውን ምረጪ። ይህች ብቻ ብዙ ጥሪ ታድናለች።

አፓርታማ ከሆነ ግድግዳው ይቀንሳል፤ ጎረቤቱ ግን ይበዛል። ስልክሽን ከፍተሽ የዋይፋይ ዝርዝሩን ብታዪው የማታውቂው የሰው ስም ሁሉ ተደርድሮ ታገኚያለሽ። 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹ መስመሮች ሦስት ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ ጎረቤት በሦስት መስመር ሲንጫጫ፣ ያንቺ ስልክ በገበያ መካከል እንደሚያወራ ሰው ይሆናል። አፓርታማ ውስጥ ከሆንሽ እንግዲህ ምርጫሽ በተቃራኒው ነው፤ 5ቱን ያዢ።

የሞባይሉ ኔትወርክም የራሱ ጠላት አለው። እዚህ ሀገር ብዙ ሕንፃ ሙቀት እንዳያስገባ የተቀባ መስታወት ነው የሚገጠምለት። ያ ቅብ ፀሐይን ብቻ ሳይሆን የስልክ ሞገድንም ይመልሳል። ስለዚህ መስኮቱ ተዘግቶ ሁለት መስመር የነበረው ኔትወርክ መስኮቱ ሲከፈት አራት ሊሆን ይችላል። 5ጂ የተባለው ፈጣኑ ኔትወርክ ደግሞ በአብዛኛው በከፍተኛ ሞገድ ስለሚሠራ ወደ ቤት ውስጥ ዘልቆ ለመግባት ከ4ጂ ይልቅ ይቸገራል። ክፍልሽ ውስጥ 5ጂና 4ጂ እየተፈራረቁ ጥሪሽን የሚቆርጡት ከሆነ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ 4ጂ ብቻ አድርጊው። ለጥሪ 4ጂ ይበቃል፤ ይተርፋልም።

አንድ የኩሽና ምሥጢር ልንገርሽ። ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ ነው፤ ዋይፋዩ ራሱ በሚሠራበት ማለት ነው። ማይክሮዌቩ አጠገብ ሆነሽ እያወራሽ ድምፁ ከተቆራረጠ ስልክሽ አልተበላሸም። ሩዙ እስኪሞቅ ራቅ በይ።

መስመሩ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም

«ዋይፋዩ ሙሉ ነው የሚያሳየው፤ ግን ምንም አይከፍትም» የሚል ቅሬታ በጣም እሰማለሁ። ስልክሽ ላይ የምታዪያቸው መስመሮች የሚነግሩሽ በአንቺና በራውተሩ መካከል ያለውን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ፣ ወደ ውጭው ዓለም ስላለው መንገድ ምንም አይናገሩም። የቤቱ ሂሳብ ካልተከፈለ፣ ገመዱ ከተነቀለ ወይም ልጆቹ በሦስት ክፍል ጨዋታና ፊልም ከፍተው ከሆነ፣ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ባዶ ይሆናል።

ይህን በአንድ ደቂቃ መለየት ትችያለሽ። ዋይፋዩን አጥፊና በዳታ ሞክሪ። በዳታ ከሠራ ችግሩ የቤቱ ነው። በዳታም ካልሠራ፣ ወደ ሌላ ሀገር ሰው ደውለሽ ሞክሪ። ለምሳሌ ቤይሩት ያለችው እህትሽ ጥርት ብላ ከተሰማችሽ፣ ችግሩ አንቺ ጋ ሳይሆን በሀገር ቤት በኩል ነው።

በዕረፍት ቀንሽ ሻርጃ ወይም አጅማን ጓደኞችሽ ጋ ስትሄጂም ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በቤድ ስፔስ ቤት ውስጥ አንድ ራውተር ለስምንት፣ ለአሥር ሰው ነው። ዋይፋይ ደግሞ እንደ ቧንቧ ወረፋ ነው፤ ሁሉም ስልክ ተራውን ይጠብቃል። አንዷ ፊልም ስታወርድ ሌላዋ ጥሪ ይቆረጥባታል። እዚያ ቤት ማታ ማታ ያንቺ ዳታ ከዋይፋዩ ይሻል ይሆናል።

ዋትሳፕ የማይደውለው በኔትወርክ ምክንያት አይደለም

ብዙ እህቶች በዋትሳፕ ደውለው እንቢ ሲላቸው «ዋይፋዩ ደካማ ነው» ብለው ዳታ ይሞላሉ። ዳታውም እንቢ ሲል ሲም ይቀይራሉ። ይህ ከንቱ ወጪ ነው። በዚህ ሀገር የዋትሳፕ መልእክት፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት ይሄዳል፤ ቀጥታ ጥሪው ግን የተዘጋ ነው። የተዘጋውም በዋይፋይም፣ በዳታም፣ በሁለቱም ኩባንያ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የቴሌኮሙኒኬሽንና ዲጂታል መንግሥት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው። ለጥሪ ከተፈቀዱት መካከል ቦቲም፣ ጎቻት፣ ሃይዩ፣ ዙምና ጉግል ሚት ይገኛሉ። ስለዚህ ቤተሰብሽ ከእነዚህ አንዱን እንዲጭኑ አድርጊ፤ ከዚያ በኋላ ነው የኔትወርክ ጥያቄ የሚመጣው።

«ቪፒኤን ጫኚ፣ ሁሉም ይከፈታል» የምትልሽ አትጠፋም። ይህን ግን በጥንቃቄ ስሚ። በፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 34/2021፣ የኢንተርኔት አድራሻን በማታለል ለውጦ ወንጀል መፈጸም ወይም ወንጀሉ እንዳይታወቅ ማድረግ ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ያስቀጣል። የአንድ የቤት ሠራተኛን ደሞዝ አስቢና ቁጥሩን እንደገና አንብቢው። ከዚህም ሌላ፣ በነፃ የሚሰጡ ቪፒኤኖች ያንቺን መረጃ እየሸጡ የሚኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

«ማዳም የምጽፈውን ታየዋለች?»

ይህ ጥያቄ በሹክሹክታ ነው የሚቀርብልኝ። መልሱ፦ በዋይፋዩ በኩል የመልእክትሽን ይዘት አታይም። የዋይፋዩ ባለቤት ስልክሽ መቼ እንደተገናኘ፣ ምን ያህል እንደተጠቀመ፣ ወደ የትኛው ድረ ገጽ ወይም አፕ እንደሄደ ሊያውቅ ይችላል። በዋትሳፕ የጻፍሽው ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንቺ ስልክ እስከ ተቀባይሽ ስልክ ድረስ ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው አያነበውም።

አደጋው ያለው ስልኩ ራሱ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ ነው። ዋትሳፕሽ ውስጥ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ክፈቺ። የማታውቂው ኮምፒውተር እዚያ ከተጻፈ አስወጪው። የስልክሽንም መክፈቻ ቁጥር ለራስሽ ያዢ።

በአደባባይ ላይ ስላለው ነፃ ዋይፋይም አንድ ቃል። በሞሎችና በብዙ የሕዝብ ቦታዎች «ዋይፋይ ዩኤኢ» የሚል ነፃ አገልግሎት ታገኚያለሽ። ፎቶ ለመላክና ለማውራት ጥሩ ነው። ገንዘብ ለመላክና የባንክ አፕ ለመክፈት ግን አትጠቀሚበት። ሌባ ተመሳሳይ ስም ያለው ዋይፋይ ከፍቶ ሊጠብቅሽ ይችላል፤ የሀገሩ የሳይበር ደኅንነት ምክር ቤትም ስለዚህ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ገንዘብ የምትልኪው በራስሽ ዳታ ይሁን። ለአምስት ደቂቃ የሚበቃው ዳታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ዳታው የት ሄደ?

«ትናንት 1 ጊጋ ሞልቼ ዛሬ አለቀ፤ ሰረቁኝ» ትያለሽ። እስቲ አብረን እናስላ። የቪዲዮ ጥሪ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ይልካል፤ ያንኑ ያህል ይቀበላል። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ በደቂቃ 15 ሜጋባይት፣ በሰዓት 900 ሜጋባይት ይሆናል። አንድ ሰዓት ልጅሽን በቪዲዮ ካየሽ ያ 1 ጊጋ ሊያልቅ ጫፍ ደረሰ ማለት ነው። የድምፅ ጥሪ ግን በደቂቃ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው። በዚያው 1 ጊጋ ከ16 ሰዓት በላይ ታወሪያለሽ።

ስለዚህ ልማድሽን እንዲህ አድርጊ፦ ቪዲዮ በዋይፋይ፣ ድምፅ በዳታ። ቲክቶክም በዋይፋይ ብቻ።

አንድ የተደበቀ ሌባ ግን አለ። ብዙ ስልኮች ዋይፋይ ሲደክም ሳይነግሩሽ ወደ ዳታ ይዞራሉ። አንቺ በዋይፋይ እያየሽ መስሎሽ ጥቅልሽ ይበላል። በስልክሽ ማስተካከያ ውስጥ ዋይፋይ ሲደክም በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ የሚቀይረውን ምርጫ ፈልገሽ አጥፊው፤ ወይም ዋይፋይ ላይ ስትሆኚ ዳታውን ራስሽ ዝጊው።

ሌላኛው ጫፍ

ጥሪ ሁለት ጫፍ አለው። ያንቺ ዋይፋይ የፈለገውን ያህል ቢጠራ፣ እናትሽ ያለችበት አንቴና መብራት ከጠፋበት ወይም ከመንደሩ ከራቀ ድምፁ አይደርስም። በሀገራችን የሞባይል አገልግሎት ለረጅም ዓመታት በአንድ ኩባንያ፣ በኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ ሆኖ ገብቷል። በአንዱ የማይሠራበት ሰፈር ሌላው ሊሠራ ስለሚችል፣ ቤተሰብሽ ሁለት ሲም በሚቀበል ስልክ ሁለቱንም ቢሞክሩ ጥሩ ነው።

ኢንተርኔቱ ጨርሶ የጠፋባቸው ጊዜያትም እንደነበሩ አትረሺውም። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጣ ቆይታለች። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ ቦቲም ላይ ብቻ የተንጠለጠለች እህት ስልኳን ይዛ አለቀሰች። የድምፅ ጥሪ በሚሠራበት ቦታ መተንፈሻ የነበረው ያ ተራው፣ ውዱ፣ በሲም የሚደረገው ጥሪ ነው። ስለዚህ ለውጭ ሀገር የሚሆን ጥቂት የጥሪ ሂሳብ ማስቀመጥን እንደ ብክነት አትይው። ቤተሰብሽ ስማርት ስልክ ከሌላቸውም መንገዱ ይኸው ብቻ ነው።

ሰዓቱንም አስቢ። እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ 3 ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩ ላይ የሚቀመጥበት ነው። ማዳም ከፈቀደችልሽ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ብትደውዪ መንገዱ ባዶ ነው፤ ድምፁም ይጠራል።

የይለፍ ቃሉ የተቀየረ ቀን

ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት እህት ነበረች፤ ስሟንና ሰፈሯን አልናገርም። በቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነበር የምትጠቀመው። ጥሩ ቤት ነበር፤ ዋይፋዩም ፈጣን። ሲሟ ግን ሳትሞላው ቆይታ ተዘግቶ ነበር፤ «ለምን ልሙላው? ዋይፋይ አለኝ» ትል ነበር። አንድ ቀን ከማዳም ጋር በትንሽ ነገር ተቃቃሩ። በማግሥቱ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ተቀይሮ አገኘችው። ምናልባት በእሷ ምክንያት ነው፤ ምናልባትም ልጆቹ እንዲያጠኑ ተብሎ ነው፤ አልጠየቀችም፤ ፈራች። ዘጠኝ ቀን ዝም አለች። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እዚያ ሀገር ቤት አባቷ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ቤተሰቡ ደጋግሞ ደውሎ ሲያጣት፣ እሷ ናት አንድ ነገር የሆነችው ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ያገኘኋት በሌላ ጉዳይ ልተረጉምላት ስሄድ ነው። መጀመሪያ የለመነችኝ ስልኬን ነበር።

አባቷ ድነዋል። እሷም ያን ሳምንት ሲም አወጣች። ከዚያ ወዲህ «ዋይፋይ የቤቱ ነው» ማለትን ከእሷ ተማርኩ። ሰጪው ሰው ነው፤ ነሺውም ሰው ነው። ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ቤት ሊቀይሩ፣ ሂሳብ ሊረሱ፣ ራውተሩ ሊቃጠል ይችላል። ሲም ግን በስምሽ ከሆነ አንቺ ከቤት ቤት ስትዘዋወሪ አብሮሽ ይዞራል።

በስምሽ ያልኩት በምክንያት ነው። እዚህ ሀገር ሲም የሚወጣው በኤምሬትስ መታወቂያ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ረቀሚ ሁዊየቲ» (ቁጥሬ ማንነቴ) በሚል ዘመቻ ቁጥር ሁሉ ከባለቤቱ መታወቂያ ጋር ተያይዟል። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ባለቤቱ ሲፈልግ ይዘጋል፤ የዋትሳፕሽና የገንዘብ አፕሽ የማረጋገጫ ኮድም ከእሱ ጋር ይሄዳል። መታወቂያሽ በእጅሽ ካልሆነ ደግሞ እወቂ፦ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 መሠረት የግል ሰነድሽን የመያዝ መብት ያንቺ ነው። መታወቂያሽ ጊዜው ሲያልፍም ሲሙ ሊታገድ ስለሚችል ቀኑን ተከታተዪ።

የችግር ቀን ደግሞ አለ። ቦቲም ፖሊስ አይጠራም። 999 ለፖሊስ፣ 998 ለአምቡላንስ፣ 997 ለእሳት አደጋ የሚደወሉት በሞባይል ኔትወርክ ነው፤ ሂሳብ ባይኖርሽም ይሠራሉ። የሰው ሀብትና ኢሚራታይዜሽን ሚኒስቴር መስመር 600590000 ነው፤ ለእሱ ግን ጥቂት ሂሳብ ያስፈልግሻል። አሁኑኑ መዝግቢያቸው።

ክፍልሽ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ጨርሶ የማይገባ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። በብዙ ስልኮች ማስተካከያ ውስጥ «ዋይፋይ ኮሊንግ» የሚል አለ። ስታበሪው ተራው የሲም ጥሪሽ በቤቱ ዋይፋይ በኩል ይሄዳል። ስልክሽ የሚቀበለው ከሆነ ሞክሪው።

እንዴት ትጠይቂያለሽ?

ዋይፋይ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አጠያየቁ ነው። «ነት ማፊ» ከማለት ይልቅ ምክንያቱን አብረሽ ብትናገሪ ይሰማል። «ማማ፣ ሙምኪን ከሊመት ሲር አል ዋይፋይ? አብጊ አከሊም አህሊ» በይ። የዋይፋይ የይለፍ ቃል ይቻላል ወይ፣ ቤተሰቤን ማነጋገር እፈልጋለሁ ማለት ነው። ክፍልሽ ድረስ የማይደርስ ከሆነ፦ «አል ዋይፋይ ደዒፍ ፊ ጉርፈቲ። ሙምኪን ሙቀዊ?» ሙቀዊ ማለት አበርቺ፣ አጠናካሪ ነው፤ በግማሽ መንገድ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ዋይፋዩን ወደ ጓሮ የሚያሻግር ትንሽ መሣሪያ። ለማዳምም ይጠቅማታል፤ ኩሽና ሆነሽ ስትልክልሽ መልእክቷ ይደርስሻል። ይህን ብትነግሪያት አይከፋትም።

ሱቅ ስትሄጂ ደግሞ ሦስት ቃል ያዢ። ረሲድ ቀሪ ሂሳብሽ ነው። ባቃ ጥቅሉ ነው። ቃሉ በዐረብኛ እቅፍ አበባ ማለትም ነውና ሻጩ ውስጡ ያለውን ሁሉ እንዲቆጥርልሽ ጠይቂ፤ ስንት ዳታ፣ ስንት የውጭ ሀገር ደቂቃ፣ ስንት ቀን። ሸበካ ደግሞ ኔትወርክ ነው፤ ዓሣ የሚጠመድበት መረብም ሸበካ ይባላል።

የራስሽን ፍተሻ አድርጊ

ማስታወቂያም እኔም ስለ ክፍልሽ ካንቺ በላይ አናውቅም። ሦስት ቀን ብቻ ሞክሪ። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ጻፊ፦ ክፍልሽ፣ ኩሽናው፣ ጓሮው ወይም መስኮቱ ዳር። በየቦታው ሁለት ደቂቃ በዋይፋይ፣ ሁለት ደቂቃ በዳታ ለአንድ ሰው ደውዪ። ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ አስፍሪ። በሦስተኛው ቀን የትኛው ቦታ ላይ የትኛው ኔትወርክ እንደሚሻል በራስሽ እጅ ጽሑፍ ታገኚዋለሽ። ምናልባት መልሱ አልጋሽን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ብቻ ይሆናል።

ከዚያም ለእናትሽ አንድ ነገር ንገሪያት፦ «እማዬ፣ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ንገሪኝ። ስለ ጎረቤት በኋላ እናወራለን።» መስመሩ ቢቆረጥ እንኳ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል። የቀረውን በድምፅ መልእክት ትልክልሻለች፤ ዋይፋዩ ሲመለስ ይደርስሻል። ዋይፋዩ ካልተመለሰም፣ ሲምሽ አለ።